ቪዲዮውን የዘጋሁብሽ ቀን

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የሪያድ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ከተጠፋፋን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የደወልሽ ዕለት ገና ቪዲዮው ሲከፈት «ውይ፣ ፊትሽ ምን ሆነ?» አልሽኝ። ወዲያው ተቋረጠ። ኔትወርክ መስሎሽ ይሆናል። አይደለም፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት። ከዚያ ስትደውዪ አላነሳ፣ ስትጽፊ አልመልስ። አፍሬ ነው እህቴ። ይቅር በይኝ።

ነገሩ የጀመረው በማድያት ነው። ሁለተኛዋን ልጄን ስወልድ ጉንጬ ላይ የወጣውን ታስታውሺው የለ? አንዲት ኮስሞቲክስ ሻጭ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ዕቃ ሰጠችኝ። «ቅልቅል ነው፣ በሳምንት ታዪዋለሽ» አለችኝ። እውነትም በሳምንት አየሁት! ፊቴ ጠራ። ሰው ሁሉ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይለኝ ጀመር። አይ ሞኝነቴ፣ ስድስት ወር ሙሉ ተቀባሁት።

አንድ ጊዜ አለቀብኝና ጥቂት ቀን ሳልቀባ ቆየሁ። ፊቴ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ነደደ። ቀላ፣ ሽፍ አለ። ስቀባው ይበርድልኛል፣ ስተወው ይብሳል። ያየሽኝ በዚያ ሰሞን ነው።

ቆዳ ሐኪም ጋ የሄድኩት ዘግይቼ ነው፣ ዕቃውን በፌስታል ይዤ። ሐኪሟ አየት አደረገችውና እንዲህ ያሉ ቅልቅሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል የሚባል ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት፣ እንደሚገባ ነገረችኝ። ቆዳ ከሥር አዲስ ሴል እየሠራ ወደ ላይ ይገፋል፣ የላይኛው ደርቆ ይረግፋል። በወጣትነት አንዱ ዙር አራት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ዕድሜ ሲገፋ ይረዝማል። ስቴሮይዱ ይህን ሥራ ያዘገየዋል፣ ቆዳውንም ያሳሳዋል። ጉንጬ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ቀያይ ሥሮች የታዩት ለዚያ ነበር።

በአንዴ አላስቆመችኝም፤ መጠኑን እያሳነሰች አስተወችኝ። ከዚያ ምን ብታዝልኝ ጥሩ ነው? ለስላሳ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ጃንጥላ። ካርድ አውጥቼ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፌ፣ ለቫዝሊን! ተናደድኩ። ግን ምርጫ አልነበረኝም።

አሁን ጠዋት ፊቴን ለብ ባለ ውኃ በእጄ ብቻ እታጠባለሁ። ያቺ እንደ ድስት የምፈትግበት ሻካራ ጨርቅ ቀርታለች። በፎጣ አላሽም፣ ጠብ ጠብ አድርጌ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊኗን በስሱ እቀባለሁ። አንቺም ቀኑን ሙሉ ኤሲ ሥር ስለምትውዪ ቆዳሽ መድረቁ አይቀርም፤ ይቺን እንኳን ሞክሪያት። ሎሚ ግን እንዳትነኪ! ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል፣ ጠባሳውም ይጠቁራል።

ፀሐይን በጣም ንቄያት ኖሯል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ከፍታ ላይ ደግሞ ፀሐይ ትበረታለች፤ ነፋሱ ስለሚቀዘቅዝ ብቻ የማያቃጥል ይመስለናል። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የምትይዛትን ጥቁር ጃንጥላ ትዝ ትልሻለች? በልጅነታችን የምንስቅባት? ወርሻታለሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ዘርግቼ ስቆም ሰው ዞር ብሎ ያየኛል። ይየኝ!

ስለ ምግቡ ብዙ ይወራል፣ እኔ ጎመንም እንቁላልም እንደ ድሮዬ ነው የምበላው። እንቅልፌን ግን አስተካክያለሁ። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ስልክ ላይ ማፍጠጥ የለም።

ማቃጠሉ እስኪተወኝ ሦስት ወር ፈጀ። በየሳምንቱ መስታወት ፊት ቆሜ አለቅስ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ስታጠብ ፊቴ የራሴ ፊት ሆኖ ተሰማኝ፤ አልቆጠቆጠኝም፣ አልተወጠረም። ማድያቷ አልጠፋችም። ደብዝዛለች፣ ግን አለች። ታገሥኳት።

እሁድ ማታ ደውዪልኝ፣ በቪዲዮ። ለገና የምትመጪ ከሆነ ደግሞ ሰንስክሪን የሚሉትን የፀሐይ መከላከያ ቅባት አምጪልኝ፣ እዚህ ዋጋው አይቀመስም። 50 የሚል ይሁን፣ የጠይም ቀለም ያለው። ነጩን ስቀባ ዱቄት ቤት የዋልኩ ነው የምመስለው።

ናፍቀሽኛል።