የቅዳሜ ፕሮግራም፦ ቱክቶያክቱክ

ሰላም ወገኖች፣ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ሱሉልታ እንደተለመደው እንገናኝ፣ በዚህ ሳምንት የምናየው የቱክቶያክቱክን ቶፖግራፊ (የመሬት አቀማመጥ) ነው፣ በካናዳ ሰሜናዊ የባህር ዳርቻ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ስትሆን እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ እንኳን አልነበራትም። እኔን በጣም የገረመኝ የቤንችማርኩ (ከፍታው የታወቀ፣ ለልኬት መነሻ የሚሆን ቋሚ ምልክት) ነገር ነው፤ እኛ ኮንክሪት ቀብረን እንሄዳለን፣ እዛ ግን ላይኛው አፈር ሲሞቅ እየቀለጠ ሲበርድ በረዶ እየሆነ ምልክቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ስለዚህ ምልክቱን የሚይዘው ብረት ከላይኛው አፈር አልፎ ሁሌም በረዶ የሆነው መሬት ውስጥ ጠልቆ ካልገባ ከፍታው ሁሉ ይዛባል። ባህሩም ዳርቻውን እየበላው ስለሆነ የድሮ ማፕ ማመን ከባድ ነው። ላፕቶፕ ያላችሁ አርክቲክዴም የሚባለውን ባለ 2 ሜትሩን የከፍታ ዳታ አውርዳችሁ ኑ፣ ነፃ ነው፣ እዚህ ኔትወርክ ስለሚያስቸግር ግን እባካችሁ ከቤት ጨርሱት።