ለአርሰናሉ አባቴ፣ ከቶተንሃም ሜዳ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እማዬስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለንደን ብርዱ ገብቷል። የላካችሁልኝን ጋቢ ተከናንቤ ነው የምጽፍልዎ።

ባለፈው ስልክ ላይ "ያ ቆብ ደፍተው የሚላተሙት ነገር ምንድን ነው? ፉትቦል ይሉታል፣ በእግሩ የሚመታ ግን አላየሁም" ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠ። መልሱ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ወረቀት አነሳሁ። በዚያ ላይ የምናዘዘው ነገር አለኝ። እንዳይቆጡ።

አባባ፣ ቅዳሜና እሁድ የምሠራው ቶተንሃም ሜዳ ውስጥ ነው።

አዎ፣ ቶተንሃም፣ የአርሰናላችን ባላንጣ። ቢራ እቀዳለሁ። እንጀራ ነው፣ ምን ላድርግ? ቀዩን ማልያዬን ቤት ትቼ ነው የምሄደው። ማንም አልነቃብኝም።

የጠየቁኝን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ፣ አሜሪካን ፉትቦል የሚባለውን፣ ያየሁት እዚያው ነው። ከ2007 ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልዎ) ዌምብሌይ ላይ ይጫወቱ ነበር፤ ከ2019 ወዲህ ደግሞ ቶተንሃም ይመጣሉ። ለእነሱ ተብሎ የተሠራውን ቢያዩ ይገርምዎታል። የእኛ ኳስ የሚጫወትበት ሣር በሦስት ተከፍሎ፣ እንደ ቁም ሳጥን መሳቢያ ተንሸራቶ መቀመጫው ሥር ይገባል። ከሥሩ ሰው ሠራሽ ሜዳ ይወጣል። የአሜሪካኖቹ ያ ነው።

የሚመጣውም ሕዝብ ሌላ ነው። በእኛ ኳስ ቀን የእንግዳው ቡድን ደጋፊ ለብቻው ተከልሎ ነው የሚቀመጠው። በአሜሪካኖቹ ቀን የሊጋቸውን የ32ቱንም ቡድን ማልያ የለበሰ ሰው ተቀላቅሎ ይቀመጣል፤ የሚጫወቱት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። ቢራውማ አይወራም። እንግሊዝ አገር በ1985 የወጣ ሕግ አለ፤ ስታዲየም ውስጥ ኳስ እያዩ ቢራ መጠጣት ክልክል ነው። ስለዚህ ቅዳሜ "ጌታዬ፣ ብርጭቆውን እዚሁ ጨርሱት" ስለው የነበረውን ሰውዬ፣ እሁድ አራት ብርጭቆ አስታቅፌ ወደ ወንበሩ እሸኘዋለሁ። ያው ሜዳ፣ ያው ወንበር። ሕጉ የወጣው ለእግር ኳስ ነዋ!

ጨዋታውን ባጭሩ ልንገርዎ። ኳስ የያዘው ቡድን አሥር ያርድ፣ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ወደፊት ለመግፋት አራት ዕድል አለው። ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። ሰዓቱ በአራት ኳርተር የተከፈለ 60 ደቂቃ ነው፣ ግን ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ዎል ስትሪት ጆርናል የሚባለው ጋዜጣቸው በ2010 ቁጭ ብሎ ሲቆጥር፣ ኳሱ በእውነት የሚንቀሳቀስበት ጊዜ 11 ደቂቃ አካባቢ ሆኖ አገኘው። የቀረው መሰብሰብ፣ መመካከር፣ መቆም ነው። ማስታወቂያም።

አንድ ቀን እረፍት ላይ ብቅ ብዬ ሳይ፣ ከሜዳው ዳር ብርቱካናማ እጅጌ ያጠለቀ ሰውዬ ቆሟል። ተጫዋች አይደለም፣ ዳኛም አይደለም። ሃያ ሁለቱ ግዙፎች እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ዳኛውም ይጠብቃል። ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ይጠብቃል። ለካ ሰውዬው የቴሌቪዥኑ ነው! አሜሪካ ውስጥ ማስታወቂያው ሲያልቅ ምልክት ይሰጣል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። እርስዎ ቢሆኑ "ፊሽካው ማን ጋ ነው?" ይሉ ነበር።

እንግሊዞቹን የሚያንገበግባቸው ይሄ ነው። አብሮኝ ቢራ የሚቀዳ የምሥራቅ ለንደን ሰው አለ፣ የዌስትሃም ደጋፊ፣ ስልሳ ዓመት አልፎታል። "ይሄ ስፖርት አይደለም" ይለኛል። "ማስታወቂያ ነው፣ በመሃል በመሃል ኳስ ይወረውሩበታል።" የራስ ቁሩንና የትከሻ መከላከያውንም ያላግጥበታል፤ የራግቢ ልጆች በባዶ ትከሻ ይጋጫሉ ባይ ነው። አሜሪካኖቹ የእኛን ኳስ የሚጠሩባትን፣ ሶከር የምትለዋን ቃል ሲሰማማ ደሙ ይፈላል። ቃሏን የፈጠሯት ራሳቸው እንግሊዞች መሆናቸውን ነገርኩት። "አሶሲዬሽን" ከሚለው ቆርሰው የኦክስፎርድ ተማሪዎች ያወጧት ናት፣ በ1880ዎቹ። ለአንድ ሳምንት ኮረፈኝ።

አባባ፣ ይህን ሁሉ ሲያወርድብኝ የለበሰው የዌስትሃም ማልያ ነበር። ከሥራ በኋላ ቀይሮ ወደ መጠጥ ቤት ሊሄድ። ደረቱ ላይ፣ ከዚህ እስከዚያ፣ የቁማር ድርጅት ስም ተጽፎበታል። አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየውና "ይሄ እኮ ጨዋታ አያቆምም" አለኝ።

ብዙ አሰብኩበት። እውነቱን ነው፣ አያቆምም። ለዚህ ይመስለኛል የማይታያቸው። የአሜሪካኑ ማስታወቂያ በር አንኳኩቶ "ቁሙ፣ ልሽጥላችሁ" ይላል። በ2024 የመጨረሻው ትልቁ ጨዋታቸው፣ ሱፐር ቦውል፣ ላይ ለ30 ሰከንድ ማስታወቂያ 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተከፍሏል፤ ማስታወቂያውን ብሎ ቴሌቪዥን የሚከፍት አሜሪካዊም ሞልቷል። የእንግሊዙ ግን ከተጫዋቹ ጋር አብሮ ይሮጣል። ደረት ላይ አለ፣ እጅጌ ላይ አለ፣ በሜዳው ዙሪያ ይብለጨለጫል፣ የስታዲየሙም ስም ላይ አለ። በ2023 የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ቁማርን ከማልያ ፊት ለፊት ለማንሳት ተስማምተዋል፤ ከ2025/26 ማብቂያ በኋላ። እጅጌውን ግን ስምምነቱ አልነካውም።

እኛም ብንሆን ምን እናወራለን? ያን ከመርካቶ የገዙትን ሰልባጅ የአርሰናል ማልያ ያስታውሳሉ? ጄቪሲ የሚል የተጻፈበት። እኔ ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ ጄቪሲ የአርሰናል ቅጽል ስም ይመስለኝ ነበር። ከ1981 ጀምሮ የለበሱት የጃፓን የቴሌቪዥንና የቪዲዮ ፋብሪካ ስም ነው። ከዚያ በፊት ሊቨርፑል ነበር፣ በ1979 ሂታቺን የለጠፈው። ያኔ ማልያው ላይ ማስታወቂያ ካለ ጨዋታውን አናሳይም ብሎ ቴሌቪዥኑ ያስቸግር ነበር አሉ። ዛሬ ያን የድሮ ጄቪሲ ማልያ ለማግኘት እዚህ ጎረምሳው በውድ ዋጋ ይሻማል። ማስታወቂያው ራሱ ትዝታ ሆኗል። እርስዎ ያንን ማልያ አሁንም ያላስጣሉት ለዚሁ መሰለኝ።

የእኛም ኳስ እንደ አሜሪካኖቹ ይሆናል የሚለው የሰውዬው ፍርሃት ግን ከማስታወቂያ የባሰ ነገር ነው፤ እሱን አልስቅበትም። የአሜሪካ ቡድን ወራጅ የለውም፤ ቢሸነፍም ባለቤቱ አይደነግጥም። ከከተማም ተነቅሎ ይሄዳል። የአርሰናል ባለቤት ክሮንኬ ያላቸው የአሜሪካ ቡድን፣ ራምስ፣ በ2016 ከሴንት ሉዊስ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዷል። እዚህም በ2003 የለንደኑ ክለብ ዊምብልደን ወደ ሌላ ከተማ፣ ሚልተን ኪንስ፣ ሲወሰድ ደጋፊው ቀድሞ የራሱን ቡድን ከዜሮ መሥርቶ ነበር። በ2021 ትልልቆቹ ክለቦች ለብቻቸው ሊያቋቁሙት የነበረው የሱፐር ሊግ ወሬ ሲመጣ፣ የእኛም ክለብ ስሙን አስገብቶ የለ፣ ደጋፊው መንገድ ዘጋ። በሁለት ቀን ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች ወጡ። ፊፋ ደግሞ በታኅሣሥ 2025 ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ በየአጋማሹ ሦስት ደቂቃ የውሃ እረፍት እንዳለ ሲያስታውቅ፣ ባልደረባዬ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ "ቁጠር፣ አራት ኳርተር" አለኝ። ብርዱ ቢሆን ሙቀቱ፣ እረፍቱ አይቀርም። ውሃውን ማን ጠላ? ግን ሦስት ደቂቃ ስንት ማስታወቂያ እንደሚይዝ እርስዎም ያውቁታል፣ በእረፍት ሰዓት ሻይ ጥደው የሚመለሱት።

እንዲያም ሆኖ አሜሪካኖቹ ሲመጡ ሜዳው ይሞላል። የሚገዛው ያው እንግሊዝ ነው። እኔም ወድጄዋለሁ ልበልዎ? ትንሽ። እያንዳንዷ ንቅናቄ እንደ ገበጣ የተሰላች ናት።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ቅዳሜ አርሰናል የሚጫወተው በለንደን ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። እንግሊዝ አገር በዚያ ሰዓት ኳስ በቀጥታ በቴሌቪዥን አይተላለፍም። ሰው ቤቱ ከቀረ የትንንሾቹ ክለቦች ሜዳ ባዶ ይሆናል ብለው ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያቆዩት ደንብ ነው። ስታዲየሙ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት የሚርቀኝ እኔ አላይም፤ እርስዎ አዲስ አበባ ሶፋዎ ላይ ተደግፈው በዲኤስቲቪ ያያሉ።

ስለዚህ በእናንተ ሰዓት በ12 ሰዓት እደውላለሁ። ድምፁን ከፍ አድርገው ስልኩን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያስቀምጡልኝ። ወይም ይተዉት፣ እርስዎ ራስዎ ያስተላልፉልኝ፤ ልጅ ሆኜ መብራት ሲጠፋ ሬዲዮኑን እየሰሙ እንደሚያስተላልፉልኝ። ኳስ ማን ጋ እንዳለ ብቻ ይንገሩኝ። ጎል ሲገባ ግን ቀስ ይበሉ፣ ያን ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፤ ያለሁት ቶተንሃም ነው።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ