ምእመኑ ድምፅ አለው፣ የጠየቀው ግን የለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ መሐል አዲስ አበባ አድባራት አስተዳደር ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ሌላውን ልለፈው። አንዷን ዓረፍተ ነገር ግን ማለፍ አቃተኝ። «ምእመኑ ከመዋጮ ባለፈ በደብሩ ጉዳይ ድምፅ የለውም፤ የሚወስኑት አለቃው ናቸው» ትላለች። ማን ነገራችሁ? ያነጋገራችሁት አንድ አለቃና አንድ የሀገረ ስብከት ሠራተኛ ነው። ምእመኑን ሳትጠይቁ ድምፅ የለውም ብላችሁ ጻፋችሁ። አታፍሩም?

እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ደብር የሰበካ ጉባኤ፣ ማለትም የደብሩን አስተዳደር የሚመራው ጉባኤ አባል ነኝ። በምእመናን ወገን ተመርጬ ነው የገባሁት። ዘጋቢያችሁ ደብራችን መጥቶ ነበር። ስልኬን ተቀበለኝ፣ እደውላለሁ አለ፣ አልደወለም። ዘገባው ከወጣ በኋላ አንዲት ጎረቤቴ ቡና ላይ «ታዲያ እስከ ማታ ስብሰባ የምትቀመጪው ለምንድን ነው?» አለችኝ። በጣም ነው ያናደደኝ።

የቤተ ክርስቲያናችንን የሰበካ አስተዳደር ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲን፣ ብትገልጡት መልሱ እዚያው ነበር። ደንቡ በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም. የወጣ ነው። የአጥቢያው ጉባኤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይመረጣል። የሥራ ዘመኑ 3 ዓመት ነው። አስተዳዳሪው፣ ማለትም አለቃው፣ ሰብሳቢ ናቸው እንጂ ብቻቸውን ጉባኤ አይደሉም። ደንቡ በወጣ በሁለት ዓመቱ መሬት የመንግሥት ሆነ፣ ቤተ ክርስቲያንም ርስትና ጉልቷን አጣች። ያኔ ካህናቱን ማን አኖራቸው? በየዓመቱ ካርኒ እያስቆረጠ የከፈለው ሕዝብ ነው። እናቴ የደርግ ጊዜ ካርኒዎቿን በነጠላ ጫፍ ቋጥራ እስክትሞት ድረስ ሳጥኗ ውስጥ ነበሩ።

እኛ ጋ ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት አለቃው ብቻቸውን አይከፍቱትም። ቁልፉ በተለያየ ሰው እጅ ነው። ብሩ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል። ጧፍ የነካው አለ፣ ስለት ተብሎ በወረቀት የተጠቀለለ አለ፣ ሳንቲሙ ለብቻው ይቆለላል። ካህኑም፣ እኔም፣ የሰንበት ተማሪው ልጅም አብረን እንቆጥራለን። ድምሩ ይጻፋል፣ ሁላችንም እንፈርማለን። ይኼ ድምፅ ካልሆነ ምንድን ነው?

ደግሞ ሌላ ልንገራችሁ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ አባሎቻችን ከተማው ዳር ሄዱ። እሑድ ታክሲ እየቀያየሩ የሚመጡ አሉ። አባልነታቸው እኛ ጋ ይቀጥል ወይስ ወደ አዲሱ አጥቢያቸው ይዛወር ብለን ተከራከርን። አለቃው ይዛወሩ አሉ፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አልነበረም፣ ሰው ሲታመምም ሲሞትም የሚደርስለት ቅርብ ያለው ካህን ነው። አብዛኞቻችን ግን ፈቃዳቸው ይጠየቅ አልን። እጅ ወጣ፣ የእኛ ሐሳብ አለፈ። አለቃው ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረሙ፣ ማንንም አላኮረፉም።

ሁሉ የእኛ ነው አላልኩም። የሃይማኖቱና የቀኖናው ጉዳይ የቅዱስ ሲኖዶስ ነው። አስተዳዳሪውን የሚመድበውም የሚያነሣውም ሀገረ ስብከቱ ነው። አለቃው ሲበረቱ ጉባኤው ለፊርማ ብቻ የሚቀርበት ደብርም አለ። ምርጫው ጊዜው አልፎ የሚጎተትበትም አለ። ይህን መርምራችሁ ብትጽፉ መጀመሪያ የማመሰግናችሁ እኔ ነበርኩ። ግን መብቱን የተቀማ ሰውና መብት የሌለው ሰው አንድ አይደሉም። የተቀማው ደንቡን ይዞ አምጡ ይላል። እናንተ ግን ከመነሻው የለህም አላችሁት። ሕዝቡን ዝም ለማሰኘት ለሚፈልግ አለቃ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም!

ሴቶችንማ ጭራሽ አላያችሁንም። ከዘገባው ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ላይ ነጠላ ለብሰን ቆመናል። ጽሑፉ ውስጥ ግን አንዲት ሴት አልተናገረችም። ባለፈው ስብሰባችን የጣሪያው እድሳት ያለ ጨረታ ለአንድ ሰው ሊሰጥ ሲል «ሦስት ዋጋ ይምጣ» ብላ ያስቆመችው ሴት ናት። ጡረታ የወጣች የሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ ኪሎና ካሬ አታምታታም።

ማረሚያ አውጡ። ዓረፍተ ነገሯ በወጣችበት ገጽ ላይ ይሁን፣ ጥግ ላይ አትደብቁት። ዘጋቢያችሁም ተመልሶ ይምጣ። ስልኬ አለው።

የሰበካ ጉባኤ አባል፣ ከአራት ኪሎ