ሴራሚኩ ትንሽ ይቆይ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። የደረጃው ኮንክሪት ተሞልቷል፣ ልስኑም ተጋምሷል። እሰይ! ግን «በሚቀጥለው ሳምንት ሴራሚክ እናነጥፋለን» ያልሽው እንቅልፍ ነሳኝ።

ኮርኒስ ሳይመታና ቀለም ሳይነካ ሴራሚክ ምን ያስቸኩለዋል? እኔም እንዳንቺ ቸኩዬ ነበር። ወለሉ ካማረ ቤቱ ያለቀ መሰለኝ። ከዚያ አናጺው መሰላሉን ይዞ መጣ። መዶሻው ከላይ ወደቀና መሀል ሳሎን ላይ አንዱን ሴራሚክ ሰነጠቀው። ቀቢው ደግሞ ያንጠባጠበውን ሊያጸዳ አሲድ ደፋበት። አሲዱ የሴራሚኩን መጋጠሚያ በላው፣ አጠገቡ የነበረውን ብረትም አዛገው። ያን የተሰነጠቀ ሴራሚክ እናትሽ እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳየዋለች።

ስለዚህ ከላይ ጀምረሽ ወደ ታች ውረጂ። ወለሉን የግድ ማስቀደም ካለብሽ መጋጠሚያው እስኪደርቅ ጠብቂ። ከዚያ ጥርግ አድርገሽ አስጠርጊና በወፍራም ካርቶን ሸፍኚው። ሳይጠረግ ከተሸፈነ ከሥር የቀረው አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ፕላስቲክ ብቻውን ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። ፕላስተሩን ካርቶን ከካርቶን ለማያያዝ ተጠቀሚበት እንጂ ሴራሚኩ ላይ አታስለጥፊ።

ደረጃውን አደራ። ከላይ ሲታይ የደረቀ ይመስላል፣ ግን ገና ልጅ ነው። ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥብ ጆንያ አልብሰሽ ውኃ አጠጪው። ኮንክሪት የታሰበለትን ጥንካሬ ማግኘቱ የሚለካው በ28 ቀኑ ነው። ጠርዙ ላይ ጣውላ አስደርጊበት። ጋሪ አንዴ ከገጨው በኋላ የሚለጠፍበት ሲሚንቶ ከነባሩ ጋር እንደ አንድ አይሆንም።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ፤ የፍሳሽ ቱቦ። አፉ ክፍት የሆነ ቱቦ ለሠራተኛ ቆሻሻ መጣያ ነው። ልስን የነካ ባልዲ ያጥብበታል፣ ያ ውኃ ሲሚንቶ ይዞ ይወርዳል። ሲሚንቶ ለመጠንከር መድረቅ አይጠብቅም፣ ውኃ ውስጥም ሆኖ ድንጋይ ይሆናል። የምታውቂው ቤቱ ገብተሽ ገላሽን ስትታጠቢ ነው፣ ያኔ ወለል ማስፈልፈል ይመጣል። ዛሬውኑ የሁሉንም ቱቦ አፍ በመክደኛ አስዘጊ። የንጹህ ውኃውን መስመር ደግሞ ከመለሰኑ በፊት ግፊት አስገብተው ይሞክሩት። የግፊት መለኪያው ላይ ግፊቱ ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው።

መስኮት አጠገብ ብረት አያስቆርጡ። ፍንጣሪው መስታወት ውስጥ ይሰምጣል፣ በጨርቅ አይለቅም። አሉሚኒየም ላይ የተረጨ ሲሚንቶም ሳይደርቅ ቶሎ በውኃ ይታጠብ፣ ካደረ ያበላሸዋል። የእንጨት በር መጨረሻ ላይ ይግባ። እርጥብ ልስን ባለበት ቤት እንጨት ያብጣል፣ ከዚያ አልዘጋም ይልሻል።

ይህን ሁሉ ስልሽ ሠራተኞቹ ላይ እንድትጮኺ አይደለም። ክፋት የላቸውም። ለሳኙ ልስኑን ነው የሚያየው፣ በያጁ ብየዳውን። የሌላውን ሥራ ጠብቅ ያለው ሰው የለም። ጥፋቱ እንዲያውም የእኛ ነው፣ የባለቤቶቹ። አንድ ሥራ አልቆ ሌላው ሲገባ ከፎርማኑ ጋር ሆነሽ ቤቱን ዙሪ፣ ያለውን በፎቶ ያዢ። ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚከፍልም ውሉ ላይ ይግባ። ያኔ «እኔ አይደለሁም» የሚል ክርክር ይቀራል።

ፎቶ ካልኩ አይቀር፣ ያልተለሰነውን ግድግዳ ሁሉ ዛሬ ሳይመሽ አንሺ። የውኃ ቱቦውና የኤሌክትሪክ መስመሩ የት እንዳለፈ እንዲታይ ሜትር ዘርግተሽበት ይሁን። ሳሎናችን ውስጥ ያለችው ሥዕል ለምን ጥግ ላይ፣ ያውም ዝቅ ብላ እንደተሰቀለች ጠይቀሽኝ አታውቂም? መጀመሪያ መሀል ላይ ነበር ምስማር የመታሁት። ውኃው ፊቴ ላይ ተረጨ። አሁን የተሰቀለችበት ቦታ ቱቦ እንደሌለ በእርግጠኝነት የማውቀው ብቸኛው ቦታ ነው።

አባትሽ