ከየት ተነሥቶ ነው የሚለካው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጡረታ የወጣሁ ቀያሽ ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ሐይቅ ዳር ስለሚሠሩ የመኖሪያ መንደሮች በተነሣ ቁጥር ክርክሩ "ስንት ሜትር ይራቁ?" የሚለው ላይ ይቆማል። አንዱ ሠላሳ ይላል፣ ሌላው መቶ። ከየት ተነሥቶ ነው የሚለካው ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም።

የሐዋሳ ሐይቅ በበጋው መጨረሻ ይሸሻል፣ ክረምቱ ሲያልፍ ይሞላል። ዝናቡ ተከታትሎ የጠገበ ዓመታት ሲመጡ ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው። በከተማው በኩል ያለው የአፈር ግድብ የተሠራው በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ውኃው ተነሥቶ ከተማዋን ስላሰጋ ነው። ዛሬ ግድቡ ላይ፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ቦታ፣ ሽር ሽር የሚሉ ወጣቶች ለእነሱ መዝናኛ የተሠራ ሳይመስላቸው አይቀርም።

ሒሳቡን እንየው። መሬቱ በ100 ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ብቻ ቢያዘቀዝቅ፣ ውኃው በግማሽ ሜትር ሲነሣ 50 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ሠላሳ ሜትር የተባለው ክልል ተበልቶ ሳሎን ተደረሰ ማለት ነው። ግንቦት ላይ ሜትር ይዞ የወረደ ቀያሽና ጥቅምት ላይ የወረደ ቀያሽ አንድ ዓይነት ካርታ አያወጡም። (ገዢ የሚያገላብጡ ደላሎች የትኛውን ወር እንደሚመርጡ አልነግራችሁም።) ስለዚህ መነሻው ውኃው እስከ ዛሬ የደረሰበት ከፍተኛው ከፍታ ይሁን። በዚያ ከፍታ የኮንክሪት ችካል ይተከል። ሊዙ ከዚያ በኋላ ይውጣ።

ሌላው የሽንት ቤት ጉዳይ ነው። እዚህ ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ሐይቅ ዳር መሬት ሲቆፈር ገና ብዙ ሳይወረድ ውኃ ይመነጫል። ብዙ ሰው የጉድጓዱን ግድግዳ በድንጋይ ይገነባና ወለሉን ሳይደፍን ይተወዋል። ከዚያ "የእኔ ጉድጓድ ሞልቶ አያውቅም፣ መጣጭ መኪና ጠርቼ አላውቅም" ብሎ ይኮራል። እንዴት ይሙላ! ሐይቁ ዳር ካለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርደን ጥሬ ዓሣ በዳጣ የምንበላ ሰዎች ፍሳሹ የት እንደሚሄድ ብንጠይቅ አይፈረድብንም። አንድ ቪላ ሲሆን ይቻላል እንበል። ሁለት መቶ ቤት ያለው መንደር ግን የራሱ ማጣሪያ ከሌለው የግንባታ ፈቃድ ሊያገኝ አይገባም።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውኃ ዳርቻ ወሰን እንዲከለልና በተከለለው ውስጥ መኖሪያ ቤት መሥራት እንዲከለከል ሥልጣን ይሰጣል። ሳይከለል ግን የሚከለከል ነገር የለም፤ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ቢሾፍቱ ያለውን የባቦጋያ ሐይቅ ያየ ይገባዋል። በአብዛኛው ዳርቻ አጥሩ ውኃው ድረስ ወርዷል፤ ሐይቁን ማየት ያማረው ሰው ወይ ዘመድ ይኑረው ወይ ምሳ ይዘዝ።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። እንግዲያው የሐይቅ ዳር ፕላን ለውይይት ሲቀርብ ያ የከፍታ መስመር ካርታው ላይ ተሠምሮ ይምጣ። ሰው የእኔ ቤት ከመስመሩ በላይ ነው ወይስ በታች ብሎ በጣቱ ማሳየት ይቻለው።

ጡረተኛ ቀያሽ፣ ከሐዋሳ