ነጭ ቀለም ብቻውን ቲ-38 አያደርግም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የናሳ ጠፈርተኞች የሚለማመዱበትን ቲ-38 ጄት በበረራ ሲሙሌተር (በረራን በኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ለመሥራት ለሚደክሙ ወጣቶች የምንለው አለን። አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው የኤፍ-5 ተዋጊ ጄትን ሞዴል ወስዶ ነጭ መቀባትና በጎኑ ሰማያዊ መስመር መሳብ ነው። በእርግጥ ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ የአሜሪካው አውሮፕላን ሠሪ ኖርዝሮፕ ከአንድ ንድፍ ነው ያወጣቸው። ኤፍ-5ን ደግሞ በእኛም አየር ኃይል ስላገለገለ ቢሾፍቱ ያደገ ሰው በድምፁ ያውቀዋል። ነገር ግን የኤፍ-5ኤ አንዱ ሞተር በአፍተርበርነር (ከሞተሩ ጀርባ ተጨማሪ ነዳጅ አቃጥሎ ግፊት በሚጨምረው ክፍል) 4,080 ፓውንድ ሲገፋ፣ የመጀመሪያው ቲ-38 ሞተር 2,900 ገደማ ነው። ኤፍ-5 በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይም ፍላፕ (በዝግታ ሲበር ክንፉን የሚያግዝ ተዘርጊ ክፍል) አለው፤ ቲ-38 የለውም። ቀለም ብቻ የተቀየረለት ሞዴል ሽቅብ ሲወጣ ከልክ በላይ ይፈጥናል፣ ሲያርፍም ከልክ በላይ ገር ይሆናል።

ስለዚህ ክብደቱ ይቅደም፦ ባዶውን 7,200 ፓውንድ ገደማ፣ ነዳጅ ሞልቶ ሁለት ሰው ሲይዝ ወደ 12,000። የክንፉ ስፋት 170 ስኩዌር ጫማ ብቻ ነው፤ ጠባዩን ሁሉ የምትወስነው ይህች ትንሽ ክንፍ ናት። ፍጥነት ሲያንሰው አፍንጫው አይደፋም፤ ይንቀጠቀጥና እንደተቃና ወደታች ይሰምጣል። ሲሙሌተሩ ከራሱ የሚሰጠው የክንፍ ኩርባ (አፍንጫው ቀና ባለ ቁጥር የክንፉ የማንሳት ኃይል እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳየው መስመር) ግን ጫፉ ላይ ሲደርስ በድንገት ይወድቃል። ኩርባውን ከጫፉ በኋላ በዝግታ እንዲወርድ አድርጉት፣ የአየር ጉተታው ደግሞ ቶሎ ይጨምር።

ቁም ነገሩ ማረፊያው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የናሳ ጠፈርተኞቹ ኤሊየት ሲ እና ቻርልስ ባሴት በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በመጥፎ አየር ቲ-38 ሊያሳርፉ ሲዞሩ፣ ሊበሩበት የነበረው የጄሚኒ የጠፈር መንኮራኩር ያለበትን ሕንፃ መትተው ሞተዋል። ሙሉ ፍላፕ ተዘርግቶ 1,000 ፓውንድ ነዳጅ ሲቀር የመቅረቢያ ፍጥነቱ 155 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) ነው፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 100 ፓውንድ 1 ኖት ይጨመራል። 2,000 ፓውንድ ይዞ የሚመጣ 165 ይይዛል፤ ጎማው መሬት የሚነካው ከዚህ 25 ኖት ቀንሶ ነው። የፍሬን ፓራሹት ስለሌለው አብራሪው አፍንጫውን ቀና አድርጎ እስከ 100 ኖት ገደማ በአየሩ ያቀዘቅዘዋል። በእናንተ ሞዴል ጎማው መሬት እንደነካ አፍንጫው ዱብ ካለ፣ ወይ የክብደቱ ማዕከል ወደፊት ሸሽቷል፣ ወይ ዋናዎቹ ጎማዎች ከማዕከሉ በጣም ወደኋላ ርቀዋል። ጥቂት ኢንች ማንቀሳቀስ ይበቃል። የጅራቱን ኃይል በመጨመር አትሸፍኑት፤ በፍጥነት ሲበር አፍንጫው እላይ ታች ማለት ይጀምራል።

የዘመኑም ነገር አለ። የዛሬዎቹ የናሳ ቲ-38ዎች የሞተራቸው አየር ማስገቢያ ሰፍቷል፤ የ1960ዎቹን ለሚሠራ ግን ጠባቡ ነው ትክክሉ።

ሙከራውን ቦሌ ላይ አትጀምሩ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ፣ መለኪያው 155 ሲያሳይ ነፋስ በሌለበት ከመሬት አንጻር 175 ገደማ ነው፤ መንደርደሪያው ያጠረ ይመስላል፣ ሰውም ስህተት መስሎት ትክክለኛውን ቁጥር ያበላሻል። መጀመሪያ አውሮፕላኖቹ በሚያድሩበት በሂዩስተኑ ኤሊንግተን፣ በባሕር ጠለል አቅራቢያ፣ ቁጥሩ ይገጥም እንደሆነ እዩ፤ ከዚያ ቦሌ አምጡት።

የበረራ ሲሙሌተር ሞዴል ሠሪዎች
አዲስ አበባ