የዛፍ ፎቶ ስታወጡ ፍሬውንም አሳዩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ ችግኝ ተከላ ትጽፋላችሁ። ደስ ይለኛል፣ አንዱንም ሳላነብ አላልፍም። ግን ሁሌ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ከጽሑፉ ጎን የሚወጣው ፎቶ ወይ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ነው፣ ወይ ከሩቅ የተነሳ አረንጓዴ ጫካ ነው፤ ከሥሩም «ሀገር በቀል ዛፎች» ተብሎ ይታለፋል። የትኞቹ ናቸው? ከዚያ ፎቶ አንድ ዛፍ እንኳ ለይቶ ማወቅ የሚችል አንባቢ ያለ አይመስለኝም።

ቀላል ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩት። ጥድን ብቻ ውሰዱ። የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ብዙ ሰውም ሁለቱንም «ጥድ» ብሎ ያልፋቸዋል። የፈረንጁ ግን የመጣው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ላይ የሁለቱም ቅጠል እንደ ዓሣ ቅርፊት የተነባበረ ስለሆነ በቅጠል ብቻ መለየት ለጀማሪ ይከብዳል። ፍሬው ግን ቁርጡን ይናገራል። የሐበሻው ፍሬ ትንሽ፣ ክብና ሥጋማ ነው፤ ሲበስል ጥቁር ሰማያዊ ይሆንና ላዩ ላይ ነጣ ያለ ብናኝ ይለብሳል። የፈረንጁ ደረቅ እንጨት ነው፣ ሲደርስ በየስፌቱ እየተሰነጠቀ ይከፈታል። አንድ ነገር ልጨምር፦ የሐበሻ ጥድ ወንዴውና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ላይ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ አንዱ ዛፍ ፍሬ ባይኖረው ተስፋ ሳይቆርጡ ጎረቤቱን ማየት ነው።

ቅጠል መነሻ ነው፣ ግን ብቻውን ያሳስታል። ነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ሳለ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ አመድማ ሰማያዊ፣ ያለ እጀታ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ግንዱ ላይ የተለጠፈ ነው። ሲያድግ ደግሞ ረጅምና ቆልመም ያለ ቅጠል ያንጠለጥላል። ተቆርጦ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ እንደገና ያንን የልጅነት ቅጠሉን ያወጣል። ይህን ያላወቀ ሰው ሁለት ዓይነት ዛፍ ያየ ይመስለዋል፣ ቢመስለውም አይፈረድበትም።

ስለዚህ ቅጠል ስናይ መጀመሪያ አቀማመጡን ብናይ ይሻላል። ወይራ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ላዩ ጥቁር አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ፣ ጀርባው ፈዘዝ ያለ ነው። ዋንዛ ሰፊና ሲነኩት ሻካራ ነው። ብሳና የልብ ቅርጽ አለው፣ ሲያረጅም ሳይወድቅ በፊት ብርቱካንማ ይሆናል፤ በአረንጓዴው መሀል እዚህም እዚያም ብርቱካንማ ቅጠል ካያችሁ ብሳና መሆኑን ጠርጥሩ። ከዚያ ፍሬውን ፈልጉ፦ ረጅም ዘንግ ላይ ተደርድረው ወደ ታች የሚንጠለጠሉ፣ ሦስት ክፍል ያላቸው ትንንሽ ፍሬዎች ናቸው። ቅጠልን መገልበጥ አትርሱ፣ ብዙ ምልክት ያለው ጀርባው ላይ ነው።

አበባ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ደስ ይላል። የኮሶ ሴቴ ዛፍ አበባ ቀላ ያለ ነው፣ የወንዴው ግን ነጣ ወይም ብርቱካንማ ይላል፤ ሁለቱም ትልልቅ ዘለላ ሆነው ይንዠረገጋሉ። ሾላና ዋርካ ደግሞ አበባቸው ከውጭ አይታይም። ፍሬ የምንለው ነገር ውስጥ ነው ያለው፣ ትንንሽ ተርቦች ገብተው ያዳቅሉታል። ሁለቱን ለመለየት ፍሬው የት እንደተያያዘ ማየት ነው፦ ሾላ ግንዱና ትልልቅ ቅርንጫፎቹ ላይ ያንዘረዝራል፣ ዋርካ ጫፍ ላይ ከቅጠሎቹ መሀል።

ግራር ራሱን የቻለ ዓለም ነው። «ግራር» ብሎ ማለፍ ምንም አለመናገር ነው። አበባው ድቡልቡል ነው ወይስ ረዘም ያለ ጭራ? እሾሁ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ቆልማማ? የዕፅዋት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2005 ቪየና ላይ ባሳለፉት ውሳኔ አካሲያ የሚለው ሳይንሳዊ ስም በአብዛኛው ለአውስትራሊያዎቹ ዛፎች ሲቀር የኛዎቹ ቫቸሊያና ሴኔጋሊያ ተብለው ተከፈሉ፤ በጥቅሉ የመጀመሪያዎቹ ድቡልቡል አበባና ቀጥ ያለ እሾህ፣ ሁለተኛዎቹ ጭራ መሳይ አበባና ቆልማማ እሾህ ያላቸው ናቸው። የግራር ዘመድ የሆነው ገርቢ ደግሞ ወቅቱን ገልብጦ ነው የሚኖረው፦ በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ይለመልማል። ብርቱካንማ ፍሬው የተጠቀለለ የፖም ልጣጭ ይመስላል።

ሐምራዊ አበባ ያለው ዛፍ ሁሉም ጃካራንዳ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። ብርብራ ግን ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይገኝ የራሳችን ዛፍ ነው፣ እሱም ሐምራዊ ያብባል። የጃካራንዳ ፍሬ ክብና ጠፍጣፋ፣ ጠንካራ ነው። የብርብራው እንደ ባቄላ ረዘም ያለ፣ ቡናማና ከፈይ የሚመስል ነው። የብርብራ ፍሬ ዓሣ የሚያደነዝዝ መርዝ አለውና ለመለየት ብላችሁ ፍሬ እንዳትቀምሱ፤ የማታውቁትን የሌላውንም ዛፍ እንዲሁ።

የስልክ መተግበሪያ አለ የሚል ይኖራል። ይኑር፣ እኔም አልቃወመውም። ግን አንድ ቅጠል ብቻ ካሳዩት እሱም ይገምታል እንጂ አያውቅም።

የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። በየእትሙ አንድ ዛፍ አውጡልን። ሙሉ ቁመናው፣ የቅጠሉ ፊትና ጀርባ፣ አበባውና ፍሬው በቅርብ ይነሳ። መጠኑ እንዲታወቅ ከጎኑ ሳንቲም ይቀመጥ። የትኛው ወር ላይና በምን ያህል ከፍታ ቦታ እንደተነሳ ይጻፍ። ስሙን ለማረጋገጥ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ፣ እዚያ የደረቁ ናሙናዎች ተቀምጠዋል፣ ባለሙያዎቹንም መጠየቅ ይቻላል። ሰው ለይቶ የማያውቀውን ዛፍ ዘሩን ሊለቅም አይችልም፣ ሲቆረጥም ምን እንደጠፋ አያውቅም።

ሁለቱን ጥዶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብትጀምሩ ጥሩ ነው፣ ያውም ተከላው ከመድረሱ በፊት። ብርብራና ጃካራንዳ አበባቸው እስኪፈካ ይቆዩ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የዘወትር አንባቢ